የብልግና ፊልም የማይጭነው ሞባይል ቤት

ባለፈው ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛሁ ዩቲዩብ ላሳያቸው ብል ደመወዜ አይችለውም። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለ አንድ ፊልም የሚጭን ሱቅ ጎራ አልኩ። 16 ጊጋ ፍላሽ ሰጥቼ "ለልጆች የሚሆን ካርቱን ሙላልኝ" አልኩት። ልጁ ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይል ሞላልኝ። 100 ብር ከፍዬ ሄድኩ።

እሑድ እናቴ ከአቃቂ መጣች። ጎረቤቶቼም ነበሩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የስድስተኛ ክፍሉ ልጄ ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰካ። ካርቱኖቹ አሉ። ከካርቱኖቹ ሥር ደግሞ ስም ያልተሰጠው ሌላ ፎልደር አለ። ልጄ ሪሞቱን ተጫነ። ቲቪው በትንንሽ ምስሎች ተሞላ። ምን እንደነበሩ መጻፍ አያስፈልገኝም። ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አንዷ ጎረቤቴ ሲኒዋን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀረች። ልጄ ማንንም ሳያይ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ጮህኩበት። "ከሌላ ደንበኛ ፍላሽ ተቀላቅሎ ነው፣ ይቅርታ" አለኝ። 100 ብሬንም መለሰልኝ። የሱቁን ስም አልጽፍም። ልጄ ያየውን ግን መልሶ ሊወስድልኝ አልቻለም።

ሌላ ሱቅ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። አሁን የምጽፍላችሁ ስላገኘሁት ሱቅ ነው።

ያለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የአዲስ አዳማ የክፍያ መንገድ በሚጀምርበት በኩል። ከታክሲ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ከፊቱ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ ይሆናልና ጫማችሁን አስቡበት። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ግላስ ይለጥፋል፣ ቻርጀርና ከቨር ይሸጣል፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም ይጭናል። መስታወቱ ላይ በወፍራም ማርከር ተጽፏል፦ "የብልግና ፊልም አንጭንም። አንሸጥም። እባክዎ አይጠይቁን።"

በመጀመሪያው ቀን ፍላሼን ሰጠሁት። የሆነውን ነገርኩት። ምንም አላለኝም። ፍላሹን ሙሉ በሙሉ አጠፋው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና እያንዳንዱን ካርቱን እየከፈተ አሳየኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። አልተቻኮለም። "እህቴ፣ አንቺ ያላየሽው ነገር ከዚህ ሱቅ አይወጣም" አለኝ። ያስከፈለኝ 120 ብር ነው። ከሌላው በ20 ብር ይበልጣል። ይገባዋል።

ፊልም መጫን ግን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሌላኛው አገልግሎቱ ነው። እሱ "የልጅ ስልክ ማስተካከያ" ይለዋል። ለአንድ ስልክ 250 ብር ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የወንዱ ልጄንና የአሥራ አምስት ዓመቷን ሴት ልጄን ስልኮች አሠራሁ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤስ የሚባለውን ይቀይራል። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ስልኮች ላይ ይህ በቀላሉ ይደረጋል። ዋይፋይ ላላቸው ደግሞ ራውተሩ ላይ 1.1.1.3 የሚለውን ቁጥር ያስገባል። ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ብሎ ያወጣው ነው፤ ነጻ ነው። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው የኮንዶሚኒየሙን ጥበቃ ምሳሌ አደረገልኝ። "አንድ እንግዳ መጥቶ ብሎክ 40 የት ነው ብሎ ጥበቃውን ይጠይቃል። ጥበቃው መንገዱን ያሳየዋል። ይሄ ጥበቃ ግን ስለ አንዳንድ ብሎኮች ሲጠየቅ፣ እንዲህ የሚባል ብሎክ የለም ይላል። በቃ።" ገባኝ። ልጁ የብልግና ገጽ ስም ቢጽፍ ስልኩ አድራሻውን አያገኘውም።

"ጥበቃውን ሳይጠይቅ መንገዱን የሚያውቅ ሰውስ?" አልኩት። "እሱማ ይገባል" አለኝ። ይህን ሳይደብቅ መናገሩን ወድጄለታለሁ። ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጋውን በሌላ መንገድ የሚያስገባ አፕ፣ ያለው ልጅ ያልፋል። ቴሌግራምን ደግሞ ይህ ማጣሪያ ጨርሶ አይነካውም፤ ቪዲዮው የሚመጣው ከቴሌግራም ከራሱ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ልጆች ጋ የሚደርሰው አብዛኛው ነገር በቴሌግራም ነው።

ስለዚህ ቴሌግራሙንም ያስተካክላል። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ልጄን ማን ግሩፕ ውስጥ መጨመር እንደሚችል "ኮንታክት ብቻ" ላይ አደረገው። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጠፋው። ልጄን የማያውቃቸው ሰዎች ያስገቡበት ግሩፖች 11 ነበሩ። ከሁሉም ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም አዲስ አልገባም። ይህን እናንተም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ብር አትክፈሉበት። እኔ ግን መኖሩን አላውቅም ነበር።

አንድ ጉድለት ልናገር። ሴቷ ልጄ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣችና "እማዬ፣ ይሄ ገጽ አልከፍት አለኝ" አለችኝ። ስለ ወር አበባ ሕመም የሚያስረዳ ገጽ ነበር። ማጣሪያው ከብልግናው ጋር አብሮ ዘግቶታል። ባለሱቁ ጋ ወስጄው "ሌላ ገጽ ትፈልግ" አለኝ። ይህ መልስ አልጣመኝም። አሁንም አይጥመኝም።

ያቺ እሑድ ማታ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን እንደምለው አላወቅኩም። "ነውር ነው። እንዳትደግመው" አልኩት። እሱ መች አደረገውና ነው የሚደግመው? ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም። እኔም ያደግኩት በዚህች ቃል ነው። 8ኛ ክፍል ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" ብሎ አልፎናል። ቤት ውስጥ ደግሞ መጽሐፉን በዚያ ገጽ ከፍቶ መገኘት ነውር ነበር። የሰፈራችን ልጆች ከቪዲዮ ቤት ተማሩት። አቃቂ፣ ደጃፉ ላይ ጆንያ የተሰቀለበት ቪዲዮ ቤት ነበር። ቀን ካራቴና የህንድ ፊልም ያሳያል። ማታ ሌላ። ወንዶቹ ከዚያ ወጥተው መንገድ ላይ ለእኛ ለሴቶቹ የሚሉንን ዛሬም አልረሳሁትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሽሮ እየሠራሁ ልጄ መጣ። ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። "እማዬ፣ እነዚያ ሰዎች ተገደው ነው?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ለሦስት ቀን ስለ ነውር ሳስብ እሱ ስለ ሰዎቹ ሲያስብ ከርሟል።

ጥያቄውን ለባለሱቁ ነገርኩት። ማስታወቂያውን ለምን እንደለጠፈ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ሚሞሪ ይዞ መጣ። ወደ ሌላ ስልክ ገልብጥልኝ አለው። ሲከፍተው ከፊት ለፊት ብሎክ የምትኖር ልጅ ናት። ካርድ የምትገዛው ከእሱ ነበር። አብሯት የነበረው ልጅ ሳታውቅ ቀርጿት ነው። ባለሱቁ አልገለብጥም ብሎ መለሰው። ግን ቪዲዮው በሌላ ሱቅ፣ በሌላ ስልክ ዞሯል። በሁለት ወር ውስጥ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ከሰፈሩ ወጣ።

"ከዚያ ወዲህ የማላውቃት ሴት ያለችበትንም መጫን አቃተኝ" አለኝ። "እሷም የሆነ ቦታ ካርድ የምትገዛበት ሱቅ ይኖራታል።"

ይህ ሰው ሙስሊም ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሁለታችንም ፖርን ኃጢአት ነው ብለን እናምናለን። እሱ ግን መንግሥት ሙሉ በሙሉ ይዝጋው ባይ ነው። "ቻይና ዘግታው የለም እንዴ? የአገር ባህል አለን፣ ሃይማኖት አለን፣ ነውር ነው፣ ይከልከል።" ሱቁ ውስጥ የሚቆመውም ሰው ሁሉ በዚህ ይስማማል። እኔ መጀመሪያ ራሴን ነቀነቅኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አልዋጥ አለኝ።

አንደኛ፣ ተከልክሏል እኮ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 640 የብልግና ጽሑፍና ምስል መሥራትን፣ ከውጭ ማስገባትን፣ መሸጥንና ማሰራጨትን ይከለክላል። ለልጆች መስጠትና ማሳየትን ለብቻው የሚቀጣ አንቀጽም አለ፤ 644 ነው። ይህ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። ልጄ ሳይወለድ በፊት ማለት ነው። ታክሲ ተራው አጠገብ ያለው ሱቅ ግን ሁሉ ሰው እያየው ይጭናል። ሕጉ ስለሌለ አይደለም ፍላሹ ቤቴ የገባው።

ሁለተኛ፣ ኢንተርኔቱን መዝጋት ምን እንደሚያመጣ አይተነዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው ነበር። ምን ሆነ? ቪፒኤን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ልጄ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበር። ለአያቱ ስልክ ቪፒኤን የጫነላት እሱ ነው። እንግሊዝም ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህ ገጾች የተጠቃሚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። እዚያም ሰው ወዲያው የሮጠው ቪፒኤን ወደ ማውረድ ነው።

ሦስተኛው የሚያስፈራኝ ነው። ሙሉ በሙሉ ይከልከል ካልን ማን ምን እንደሚያይ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። የሚፈተሸው ደግሞ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ ውስጥ የልጆቼ ፎቶ፣ የሕክምና ውጤቴ፣ ከእህቴ ጋር የተላቀስነው መልእክት አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወቴን ይጠብቅልኛል። ጎረቤቴ ማታ በሩን ዘግቶ የሚያየውን ለማወቅ ብዬ ይህን አሳልፌ አልሰጥም። የሚያየውን እጠላዋለሁ። ለቄሱ ወይም ለኢማሙ ይንገር። ለፖሊስ ግን አይደለም።

ታዲያ ዝም ይባል? በፍጹም። የባለሱቁ ታሪክ ውስጥ ያለችው ልጅ የተጎዳችው ነገሩ ነውር ስለሆነ አይደለም። ሳታውቅ ተቀርጻ፣ ሳትፈቅድ ስለተሰራጨች ነው። እንዲያውም ነውር የሚለው ቃል ነው ከሰፈር ያስወጣት። ቀርጾ የበተነው ልጅ እዚያው ነው ያለው። ባለሱቁ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሲጠብቅ ያየዋል። ማንም ነውር ነው አላለውም። ሰው የተጠየፈው እሷን ነው። ነውር ለሚለው ቃል ሕግ ማስያዝ የምፈራው ለዚህ ነው። ቃሉ የሚወድቀው ደካማው ላይ ነው። ሴት ልጄ አንድ ቀን የሆነ ሰው ቢነካት መጥታ እንድትነግረኝ እፈልጋለሁ። ነውር ነው እያልኩ ካሳደግኳት እንዴት ትነግረኛለች?

ልጄ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ሕግ ሊቆምበት የሚችል መሬት ነው። ተገደው ነው? ፈቅደዋል? ልጆች ናቸው? በዚህ ላይ ሕጋችን ጥርስ አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 የልጆችን የወሲብ ምስል የሚሠራ፣ የሚያሰራጭ፣ የሚይዝ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይናገራል። ሱቁ ውስጥ ቆመው ይዘጋ ሲሉ ከነበሩት መካከል ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩ ላይ የጎረቤት ልጅ ቪዲዮ ሲላክለት "አይ ነውር" ብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ሰው፣ ልጅቷ 17 ዓመቷ ከሆነ፣ በዚህ አዋጅ ወንጀለኛ ነው።

ውጭ አገርም ነገሩ የተንቀሳቀሰው በዚህ በኩል ነው። በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የብልግና ገጾች አንዱ፣ ስሙን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፣ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከግማሽ በላይ ቪዲዮዎቹን አነሣ። የልጆችና የተደፈሩ ሴቶች ቪዲዮ እንዳለበት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያ አቋረጡበት። በቀናት ውስጥ ማን እንደጫነው ያልተረጋገጠውን ሁሉ አወረደ። ስንት ዓመት ኃጢአት ነው ተብሎ ንቅንቅ ያላለ ነገር፣ "እነዚህ ሰዎች ፈቅደዋል?" ሲባል በአንድ ሳምንት ተነቃነቀ።

ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ነገርኩት። በከፊል ሰማኝ። "አንቺ እናት ነሽ፣ ታስቢያለሽ። ሰው ግን ካልተከለከለ አያስብም" አለኝ። አልተስማማንም። ስልኬን ግን በጥሩ ሁኔታ ጠግኖ ሰጠኝ፤ የቻርጅ ማስገቢያው ተበላሽቶ ነበር፣ 300 ብር።

ስለ እሱ ያለኝን ቅሬታም ልጻፍ፤ ማሞገስ ብቻ ልክ አይደለም። ከወር በፊት አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጥቶ የብልግና ፊልም እንዲጭንለት ጠየቀው። መከልከሉ ትክክል ነው። ግን ስልኩን ቀማው፤ አባቱንም ደውሎ ጠራው። አባትየው ልጁን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ በቀበቶ ገረፈው። ሰው ተሰብስቦ አየ። ያ ልጅ አሁን የሚያስጭነው ታክሲ ተራው ጋ ካለው ሱቅ ነው፤ ጓደኞቹ ለልጄ ነግረውታል። ባለሱቁን "ወንድሜ፣ ለምን አንተው ቁጭ አድርገህ አላናገርከውም? ለእኔ የነገርከኝን የዚያችን ልጅ ታሪክ ለምን አልነገርከውም?" አልኩት። "እኔ አባት ብሆን ማወቅ እፈልጋለሁ" አለኝ። አባትም ማወቅ አለበት፣ ልክ ነው። ግን ደጃፍ ላይ አይደለም።

ልጄን በተመለከተ፣ ጥያቄውን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የምናገረው ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ከሆነ እንደሚቀለኝ ገባኝ። ከአቃቂ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በሹክሹክታ ነገርኩት። አንዳንዶቹ ተገደው ነው፣ አንዳንዶቹ ቸግሯቸው ነው፣ አንዳንዶቹ ፈልገው ነው፣ እኛ አይተን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አንችልም፣ ለዚያ ነው የማናየው አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ አለው" አለኝ። የልጁን ስም አልጠየቅኩትም። መንገሩ በቂዬ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ሱቁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል። አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። መብራት ከጠፋ ጀነሬተር የለውም፤ ደውላችሁ ሂዱ። ስልኩን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱን ነገር ሲቀይር ለምን እንደሚቀይር ፊት ለፊቱ እንዲያስረዳው ጠይቁት። ራሱ አያስረዳም፣ ከጠየቃችሁት ግን በትዕግሥት ያስረዳል። ረቡዕ ጠዋት ወረፋ የለም።